የከሙን ወረቀትና የስኮትላንድ ስልቻ

የበደሉኝ ጋሽ ተስፋዬ ናቸው። ስማቸውን ደብቄ «አንድ ሰው» ብል ድሬ ውስጥ ማንን ላታልል ነው? የተበደልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ያውም እዚሁ ከዚራ ሰፈር፣ በገዛ ግቢዬ፣ በጎረቤት ሁሉ ፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ማንበብ የለመድኩት ከቀፊራ ገበያ በሚመጣ የቅመም መጠቅለያ ነው። ሰው ከሙኑን ድስት ውስጥ ጨምሮ ወረቀቱን ይጥላል፤ እኔ ወረቀቱን ዘርግቼ ከሙኑን እረሳለሁ። የመጠቅለያ ክፋቱ መጨረሻ የለውም። ስንት ፍቅር፣ ስንት ግድያ መሃል መንገድ ላይ ተቀድዶ ቀርቶብኛል መሰላችሁ!

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ግቢዬ ውስጥ ካለው ዛፌ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ያገኘሁትን አነብላቸዋለሁ። ወዳጄ ፋጡማ እንኳ ከመጋላ ሰፈር በባጃጅ ትመጣለች። ለእነሱ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ለእኔ ግን ባል ሞቶ፣ ልጆች አግብተው ከሄዱ ወዲህ ቤቴ ቤት የሚመስለው በዚያች ቀን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ስለ ስኮትላንድ አነበብኩላቸው። በዚያ አገር በዓል ሲሆን ወንዶቹ ዳማ ዳማ ያለበት ቀሚስ ለብሰው፣ ስልቻ ታቅፈው ይነፋሉ፤ ግንድ ተሸክመው ይወረውራሉ ይላል ወረቀቱ። ጋሽ ተስፋዬ ከአጥሩ ወዲያ በረንዳቸው ላይ ጫታቸውን ይዘው ይሰሙ ኖሯል። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ጅቡቲ ተመላልሰዋል፤ ፈረንሳይኛም ይሞካክራሉ። በሰፈራችን ስለ ፈረንጅ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡ እሳቸው ናቸው። ተነሥተው አጥሩ ጋ መጡና፣

«ወንድ ልጅ? ቀሚስ?» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከፈረንጅ ጋር ስሠራ ቀሚስ የለበሰ ወንድ አላየሁም! አንቺ ልጅ፣ የከሙን ወረቀት አንብበሽ ዓለምን ልታስተምሪን ነው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ወረቀቴን አጠፍኩ። ታላቅ ናቸው፤ ከባሌም ጋር አብረው ሠርተዋል። መልስ ደግሞ ዕድሌ ሆኖ የሚመጣልኝ እንግዳ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ዕቃ ሳጥብ ነው። ያን ቀንም ሳህን በእጄ ይዤ ትዝ አለኝ፤ ለካ ጋሽ ተስፋዬ ያን ሁሉ ሲናገሩ ሽርጥ አገልድመው ነበር! ዳማ ዳማ ያለበት፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ። በድሬ ሙቀት ወንዱ ሁሉ ቤቱ ሲገባ የሚያገለድመውን ማን ልብ ይለዋል?

ምን ዋጋ አለው፤ ውሃው ፈሷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሴቶች መጡ። ከዚያ ማንም አልመጣ። ፋጡማም ጉልበቴን አመመኝ ብላ ቀረች። «ወሬዋ ከሙን ከሙን ይላል» ይባላል አሉኝ። ብቻዬን ዛፌ ሥር ተቀምጬ ለዛፉ ላንብብለት?

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ፋጡማ፣ ያ የታመመ ጉልበቷ ድኖ፣ እየሮጠች ገባች።

«አቦ ተነሺ! ወላሂ ቀሚስ ለብሷል!»

ልጇ የምትሠራበት ፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣ ስኮትላንዳዊ ነበር። ሥራውን ጨርሶ አገሩ ሊገባ ነው፤ ለመሰናበቻ የአገሩን በዓል ኳስ ሜዳው ላይ ለሠራተኛው ሊያሳይ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጋሽ ተስፋዬም ሱሪያቸውን አስተኩሰው፣ ኮት ደርበው፣ ባርኔጣ ደፍተው መጡ። ሊመሰክሩ ይሁን ሊፈርዱ እንጃ።

ሰውየው እንደ ቲማቲም የቀላ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ነው። አንድ ረዥም የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሩ አቅፎ አቆመና፣ ሮጥ ሮጥ ብሎ ወደ ላይ ወረወረው። ግንዱ በአናቱ ተገልብጦ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ወደቀ። የፋጡማ ልጅ ስትተረጉምልን፣ ቁም ነገሩ ቀጥ ብሎ መውደቁ ነው እንጂ መራቁ አይደለም አለች። ቀጥሎ ከእኛ ጉልበተኛ ተጠራ። የቀፊራው ተሸካሚ አብዲ ወጣ። ግንዱን እንደ ትራስ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ዞር ብሎ፣

«የት ላድርስ?»

ወርውረው ቢሉት «ይሄን የመሰለ እንጨት?» ብሎ ተቆጣ። ሜዳውን አቋርጦ ወስዶ ጥላ ሥር፣ እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ስኮትላንዳዊው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣው።

በመጨረሻ ስልቻውን አነሣ። መጀመሪያ ጭነት እንደ ጠላች ግመል አጉረመረመ። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ተስፋዬ «ይኼ ነው እንዴ ሙዚቃው?» አሉ።

ከዚያ ተነፋ።

እንዴት ልንገራችሁ? ሥሩ የማይነቃነቅ አንድ ድምፅ አለ፤ ዜማው በላዩ ይመላለሳል። ዘፋኝ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዋሽንት ነፊም ያርፋል። ይሄ ግን አይቋረጥም። ሰውየው አፉን አንሥቶ ሲተነፍስ እንኳ ዜማው ይቀጥላል። ስልቻው የተሰጠውን ትንፋሽ አኑሮ፣ ባለቤቱ ባጣ ጊዜ ይተካለታል። ሲስቅ የነበረው ሕዝብ ወደ ሰውየው ተጠጋ፤ ባለ ባጃጁም ሞተሩን አጠፋ። ወረቀቴ «ስልቻ ይነፋሉ» ብቻ ነበር ያለው። ለካ ያነበብኩት እውነት ነበር፣ እኔ ግን ምንም አላውቅም ነበር!

ፋጡማ እጄን ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች። «ማን ሞተ?» አለች ልጇን። ልጅቷም ከቤት ወጥተው ላልተመለሱ የሚነፋ ነው አለቻት። እኔም ባሌን አሰብኩ። ቀና ስል ጋሽ ተስፋዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ባቡር ሲገባ እንደሚቆሙት ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዓይናቸው ሞልቷል።

ዜማው ሲያበቃ በሴቶቹ መሃል አልፈው ወደ እኔ መጡ። ይቅርታ አላሉም፤ የእሳቸው ዕድሜ ሰው ይቅርታ የሚለው በጥያቄ ነው።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ወረቀት... ከዚያ ወዲያ ምን ይላል?»

ሴቶቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቆሙ። ከዚያ ወዲያ እንደ ልማዱ ተቀድዷል። መልሴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ደረሰልኝ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ዛፌ ሥር መጥተው ይስሙ። ብቻ እንዲህ በሱሪ አይሆንም፤ ያን ዳማ ዳማ ቀሚስዎን ለብሰው ይምጡ» አልኳቸው።