ቤተ ልሔም ላይ የተቆጠረ የአሜሪካ ፋሲካ

እኔ የምለው፣ ቀን መቁጠሪያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ማየት አላልኩም። ማየትማ ሁላችንም ግድግዳ ላይ ሰቅለን እናየዋለን። ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው የምላችሁ። እኔ አንብቤያለሁ። ያውም የሰው አገር። ያውም ጊዜው ካለፈበት ሁለት መቶ ምናምን ዓመት የሆነውን!

ነገሩ እንዲህ ነው። አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ክረምት ክረምት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እየሄድኩ ማስተርሴን እማራለሁ። ሰው አስተማሪ ሲባል ክረምቱን ተጋድሞ የሚያሳልፍ ይመስለዋል። ሦስት ክረምት ሙሉ በጭቃ ስመላለስ ጫማዬ ስንቴ እንደተገነጠለ እኔ ነኝ የማውቀው። በሦስተኛው ክረምት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አቅርቡ ተባልን። ጓደኞቼ ሁሉ የየወረዳቸውን ታሪክ ያዙ። እኔ ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ የጥንት አሜሪካ ገበሬ አልኩ።

ያቀበጠኝንስ አውቀዋለሁ። በዚያ ሰሞን ዩኒቨርሲቲው አንድ የአሜሪካ ቤተ መዛግብትን በኢንተርኔት እንድናይ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ሰዎቹ አገራቸው ማተሚያ ከገባ ጀምሮ የታተመውን ወረቀት ለቅመው ለቅመው ፎቶ አንስተውታል። መጽሐፉን፣ ስብከቱን፣ ጋዜጣውን፣ ምኑ ቅጡ! ወረቀቱ እዚያው ማዶ ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ ምስሉ አንተ ዘንድ ይመጣል። አንድ ቀን የጠፋ ፈረስ ማስታወቂያ አገኘሁ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ ፈረስ። ተገኝቶ ይሆን ብዬ የሚቀጥሉትን ጋዜጦች ከሰዓቱን ሙሉ ሳገላብጥ ዋልኩ። አልተገኘም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሁሉ ከሁሉ የወደድኩት ግን አልማናካቸውን ነው። አልማናክ ማለት ለገበሬው በየዓመቱ የሚታተም ቀን መቁጠሪያ ነው። ጨረቃ መቼ እንደምትሞላ፣ በዓል መቼ እንደሚውል፣ ዘር መቼ እንደሚዘራ ይነግረዋል። ከብት ሲነፋ ምን እንደሚደረግለት ሳይቀር አለበት። ቋንቋውን ብትቀይሩለት ወገዳ ገበያ ላይ ሁለት የስማዳ ገበሬዎች ቆመው የሚያወሩት ወሬ ነው!

ከእነዚህ አንዷ ልቤን ወሰደችው። የፊት ገጿ ተቀድዶ ጠፍቷል። ያሳተማት ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዓመቷንም የቤተ መዛግብቱ ሰዎች በግምት ነው የጻፉት፣ በቅንፍ አድርገው፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አስቀምጠው። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ዓመቱን ወሰድኩ፣ የጥያቄ ምልክቱን ተውኩት። ወረቀቴ ላይ አላምር አለኝ። ከዚያ ምዕራፍ ሦስትን በሙሉ በእሷ ላይ ቆለልኩ። ስለ አዘራር ለገበሬ ምክር የጻፈ የመጀመሪያው ሰው የእሷ አሳታሚ ነው፣ ሌላ አንድ ስሙ የታወቀ አሳታሚ ደግሞ ቃል በቃል ሰርቆታል፣ አልኩ። ስሙ የጠፋውን ጀግና፣ ስሙ የታወቀውን ሌባ አደረግሁት። አማካሪዬ በጣም ወደደው። እኔም ወደድኩት።

የጽሑፌ ፈተና ቀርቦ፣ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ምርቃት ልቀበል ብዬ ጋይንት ወዳለው ቤተ ልሔም ደብር ወረድኩ። የእናቴ ወንድም የኔታ ጥበቡ እዚያ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ጾምና በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚቆጠርበትን ትምህርት ማለቴ ነው። ገና ሳልሳለማቸው ዓይናቸው አንገቴ ላይ ተተከለ። ያኔ ፍላሽ ዲስክ በገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠል የነበረበት ዘመን ነው።

«አንተ! ከመቼ ወዲህ ነው ክታብ የጀመርከው?» አሉ በቁጣ።

ክታብ እንዳልሆነ፣ በውስጡ መጻሕፍት እንዳሉበት ብምል ብገዘት አላመኑኝም። በዚህ ላይ የምትለው ሁሉ ክታብ ያደረገ ሰው የሚለውን ነው አሉኝ። መጻሕፍቱ ፎቶ የተነሡ ናቸው ስላቸው ነው ፊታቸው የተፈታ። ለካ ፎቶውን ያውቁታል። ከዓመታት በፊት የብራና መጻሕፍት ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ወደ አንድ የእስቴ ደብር መጥተው ነበር። የኔታም ለበዓል እዚያ ነበሩ። ሰዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ሊገቡ ሲሉ ዕቃ ቤት ጠባቂው በሩ ላይ ቆመው አላስገባም አሉ። ምነው ቢባሉ፣ «ይኼኛው አላወለቀም» ብለው የካሜራውን ማቆሚያ አሳዩ። ማቆሚያው ለካ ሦስቱም እግሩ ጫፍ ላይ የላስቲክ ጫማ አለው! ከሰዎቹ አንዱ ፈረንጅ ሳይከራከር ተንበርክኮ አንድ በአንድ አወለቀለት። የኔታ ይኼን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔንም አሳቁኝ።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ተጠጉ፣ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ገጹን ሊገልጡ መስታወቱን ፈተጉት። እኔ ልግለጥልዎ አልኩና ስም የሌላትን አልማናኬን አወጣሁ። ምን እንደሚል ተርጉምልኝ አሉ። ይኼ ሙሉ ጨረቃ ነው፣ ይኼ ፋሲካ ነው፣ ይኼ ልደት ነው እያልኩ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ዓመቱ ስንት ነው?»

ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ። ወደኛው አቆጣጠር ቀንሼ ነገርኳቸው። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ መሮጥ ጀመረ። ዓመተ ዓለሙን ደመሩ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ከፍለው ገደፉ፣ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ እያሉ የባሕረ ሐሳቡን ቁጥሮች አነበነቡ። እኔ ሻይ ፉት እንኳ ሳልል ጨረሱ።

«ይኼ የምትለው ዓመት አይደለም» አሉ። «በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው መጋቢት መጨረሻ ነው። የወረቀትህ ግን ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው። ሰባት ዓመት ወደኛ ዘመን ዝቅ በል፤ ያን ጊዜ ጨረቃውም፣ ዕለቱም፣ ፋሲካውም ይገጥምልሃል።»

ቀና ብዬ አየኋቸውና ሳቄ መጣ። ሚያዝያ ያሉት የእነሱን አፕሪል ቀን ወደኛ ለውጠው ነው። እንዴት እንደለወጡት ስጠይቃቸው ጉዱ ወጣ። የእነሱ ልደት ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው ብለው፣ ከዚያ ተነሥተው ነው ቀኑን የቆጠሩት! የኔታ፣ የፈረንጅ ልደት እኮ ከኛው በፊት ነው፣ ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ነው የሚውለው አልኳቸው። የሰደብኳቸው ያህል ነበር።

«ጌታ ስንቴ ነው የተወለደ?»

«አንዴ ነው የኔታ፣ ግን…»

«ግን የለውም! አንዴ ከተወለደ ልደቱ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው። በዚያ ቆጥሬ ሁሉም ገጠመልኝ። ፋሲካቸው ከኛ ፋሲካ ጋር አንድ ቀን ነው። እነዚህ ሰዎች የኛ ናቸው!»

ተማሪዎቹን ጠሩ። የጥንት አሜሪካ ተዋሕዶ እንደነበረች አበሠሩ። ተማሪዎቹም ደስታቸውን አልቻሉትም። አይ የኔታ፣ አረጁ አልኩ በሆዴ። ባትሪዬ አለቀ፣ ምርቃቴን ተቀብዬ ተመለስኩ።

መንገዱን ሁሉ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ተሳስተው ከሆነ እንዴት ሁሉም ገጠመላቸው? አርብ ገበያ እንደደረስኩ ደብተሬን አገላበጥኩ። በመጀመሪያው ክረምት ተምሬው፣ ተፈትኜው፣ ኤ አግኝቼበት የረሳሁት ነገር ቁጭ ብሏል። በዚያ ዘመን እንግሊዞችም፣ በእነሱ ሥር የነበሩት አሜሪካኖችም የድሮውን አቆጣጠር ነበር የያዙት። ልደታቸው እኛ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ በምንለው ቀን ነበር የሚውለው። ፋሲካቸውም ከኛ ጋር ነበር። አሥራ አንድ ቀን ዘለው የተለዩን ኋላ ነው። እኔ ዲግሪ ይዤ የተሳሳትኩትን የኔታ ሁለት ልደት አላውቅም ብለው ደረሱበት! ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ምክንያቱም ሰባት ዓመት ወደኛ ዝቅ ሲባል ምን እንደሚሆን ገብቷችኋል። ጀግናዬ ቀዳሚ መሆኑ ቀረ። ሌባ ያልኩት ሰውዬ ነው የቀደመው። የሰረቀው የኔው ጉድ ነው! ምዕራፍ ሦስት ተናደ። ጽሑፉ ደግሞ ተጠርዞ ለፈታኞቹ ገብቷል። ብናገር ሦስት ክረምቴ ውኃ ሊበላው ነው። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አሜሪካ ያሉት እንኳ አላወቁትም። ዝም ልል ወሰንኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳልወስን በፊትም ወስኜ ነበር።

በፈተናው ዕለት ጠዋት፣ ከረባት እያሰርኩ ስልኬ ጮኸ። የኔታ ናቸው። ቤተ ልሔም ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ነው። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በተማሪ ስልክ ሊደውሉልኝ ወጥተዋል። ሲያለከልኩ ይሰማኛል።

«ነገርካቸው?» አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ እንጃ። የጽሑፌን ነገርና የፈተናውን ቀን ያን ዕለት እንደ ዋዛ ነው ያጫወትኳቸው። ገና ነኝ አልኩ።

«ያ ሌባ ያልከው ሰውዬ ሞቷል። ልጆቹም ሞተዋል። እዚህ አገር ከአንተ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። ስሙን አንተ ካልመለስክለት ማን ይመልስለት?»

ከረባቴ በእጄ ላይ ቀረ። አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ።

ገባሁ። ፈታኞቹ ገና ደህና አደርክ ሳይሉኝ፣ ምዕራፍ ሦስት ስሕተት ነው ብዬ ጀመርኩ። አማካሪዬ መነጽሩን አወለቀ። የጥያቄ ምልክቱን እኔው እንዳጠፋሁት ተናዘዝኩ፣ የኔታ በጣታቸው እንደቆጠሩ፣ ልደቱን እንዴት አድርገው እንደያዙ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ። ዋናው ፈታኝ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ ዶክተር፣ እጃቸው ከጠረጴዛው ሥር ነበር። እኔ ወረቀት የሚያገላብጡ መስሎኝ ነበር። አጎንብሼ ሳይ አውራ ጣታቸው አንጓ ለአንጓ ትሮጣለች!

«ልክ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ትንሽ አፈር ብለው፣ «እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ነው ያገኘሁት» አሉ።

ምዕራፍ ሦስትን እስከ ጥቅምት ድረስ እንደገና ጻፈው ተባልኩ። ጻፍኩት። የሰውዬውንም ስም መለስኩለት። አለፍኩ! እናቴ እልልታዋን ያቀለጠችው እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ።

ለቤተ መዛግብቱም ጻፍኩላቸው። ዓመቷ ይቺ ናት፣ የቆጠሩት የኔታ ጥበቡ ናቸው፣ ቤተ ልሔም፣ ጋይንት። በወሩ መልስ መጣ። የሚጀምረው «ለክቡር ዶክተር ጥበቡ፣ የቤተ ልሔም የጥናት ተቋም» ብሎ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፣ መዝገባችንን አስተካክለናል፣ እጅግ እናመሰግናለን ይላል። ቀጥሎ፣ የትኛውን ሶፍትዌር ነው የተጠቀሙት ይላል። ዓመታቸው ያልታወቀ ሌሎች አርባ አልማናኮችም አብረው ልከዋል።

ወርጄ አነበብኩላቸው። የኔታ ሶፍትዌር ምንድን ነው አሉኝ። ማሽኑ የሚያስብበት ነገር ነው አልኳቸው። ማሽኑ ይጾማል ወይ አሉ። አይጾምም አልኩ። ታዲያ ፋሲካ ምን ያደርግለታል ብለው ነገሩን ዘጉት። አርባው ግን አስቆጣቸው።

«ዛሬ አርባ ብቆጥርላቸው ነገ ሌላ አርባ ይልካሉ። ማወቅ የፈለገ ይማራል። ጻፍ! አንድ ልባም ተማሪ ይላኩ። የሚለብሰውን ደበሎ እኛ እንሰጣለን፣ ለምኖ የሚበላበትን አኩፋዳ ይዞ ይምጣ። ደግሞ የዚህ አገር ውሻ ክፉ ነው፤ ዱላ እንዳይረሳ በለው።»

እንዳሉኝ ጻፍኩ። አንድም ቃል አልቀነስኩም። ስልከው ግን እያፈርኩ ነው፤ ከዚህ በኋላ እነዚህ ሰዎች አንድ መስመር አይጽፉልንም ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ዱላው ስንት ክንድ ይሁን ይላል።