የጋሽ ሐሙስ አግዳሚ

ትምህርት ቤት ያሠራ ሀብታም ሁሉ የትምህርት ሊቅ ነው። ካላመናችሁ ራሱን ጠይቁት፤ ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል።

ለርዕሰ መምህርቷ የደረሷት በስፖንጅ ፍራሽ ንግድ የከበሩ ክቡር በጎ አድራጊ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከች ስለሚሉ ተማሪዎቹ «ጋሽ ሐሙስ» ይሏቸዋል። አዲሱን ሕንፃ ያሠሩት እሳቸው ናቸውና ትምህርት ቢሮው ቃላቸውን መሬት ጠብ አያደርጋትም። አንድ ቀን «ይሄ ደወል ያስደነግጣል» ቢሉ በሳምንቱ ስለ ደወል ድምፅ ባለ ሦስት ገጽ መመሪያ ወረደ። ሌላ ቀን ሰልፍ ላይ አስነጠሳቸው፤ ርዕሰ መምህርቷ ሳምንቱን ሙሉ መመሪያ ስትጠብቅ ከረመች።

ዘንድሮ የመጡት ግን በትልቁ ነው። «ሁለት ሰው አንድ ፍራሽ ላይ ከተኛ ሁለቱም አይተኙም። ወንበርም እንደዚያው ነው!» አሉ። ሦስት ሦስት ልጅ የሚቀመጥባቸው አግዳሚዎች ወደ መጋዘን ገቡ፤ በምትካቸው ለሙከራ የሚያብረቀርቁ የግል ወንበሮች መጡ። ስልሳ ሁለት ልጆች ይማሩበት የነበረው አምስተኛ ክፍል ሠላሳ ስምንት ወንበር ብቻ ያዘ። የተረፉት ሃያ አራቱ ወደ ከሰዓት ፈረቃ ተባረሩ።

አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ ታላቋ ጠዋት፣ ታናሿ ከሰዓት ሆነ። ትንሿ ሲመሽ መንገዱን ለብቻዋ ነው የምትመጣው። እኔ ከሥራ አልደርስላትም» አለች። ርዕሰ መምህርቷ ቅሬታዋን መዝግባ ሸኘቻት። ጠረጴዛዋ ላይ «ሙከራው ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት ፊርማዋን ይጠብቃል። ከፈረመች ወንበሩ በከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይገባል፤ ካልፈረመች ከቦታዋ እንደምትነሳ ቢሮው በስልክ ነግሯታል። የሚያማክራት ሰው አልነበራትም። ምሳዋንም የምትበላው በሯን ዘግታ ብቻዋን ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ ሐሙስ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ቢሮ አልገቡም። ቢሮዋ ውስጥ ሁለት የእንግዳ ወንበሮች አሉ፤ አንድ ቀን ተቀምጠውባቸው አያውቁም። ኮሪደሩ ላይ የቀረች አንዲት አሮጌ አግዳሚ አለች። እዚያ ከዘበኛው ጎን «ጠጋ በል እስቲ» ብለው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቀመጣሉ። ርዕሰ መምህርቷ ይህን ዓመቱን ሙሉ ስታይ ኖራ ልብ ያለችው ያን ቀን ነው።

ሪፖርቱን አወጣች። ከፊርማው ቦታ በላይ «ለጋሹ ራሳቸው በግል ወንበር አይቀመጡም» ብላ ጻፈችና ኮሪደር ወጥታ አነበበችላቸው። ዘበኛው ነገር ሲሸተው በሩ ጋ ሥራ ተገኘለት።

ጋሽ ሐሙስ ይቆጡ ይሆናል ብላ እንደፈራችው አልሆኑም። አግዳሚዋን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ» አሉ። «ከምሸጠው ፍራሽ ሁሉ ትልቁ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። ብቻዬን። እንቅልፍ ግን የለም፣ ልጄ።»

እሷም ወንበር አላመጣችም፤ እጎናቸው ተቀመጠች።

«አግዳሚዎቹ ተሰባብረዋል?»

«ደህና ናቸው። መጋዘን ነው ያሉት።»

«አስወጫቸዋ!»

ሰኞ ሃያ አራቱ ልጆች ወደ ጠዋት ተመለሱ። ቢሮው ደግሞ ምን ተዳው፣ አብሮ ስለመቀመጥ ጥቅም ባለ አምስት ገጽ መመሪያ አወረደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ጋሽ ሐሙስ የሉም። ጉዳያቸው አልቋል፣ ከእንግዲህ ምን ያመጣቸዋል? ርዕሰ መምህርቷ ግልግል ነው ብላ ልታስብ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወጣችና አግዳሚዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው ሊቀመጥ ሲመጣ በእጇ ከለከለችው።

«ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሁን፣ ወንድሜ» አለችው። «መሀሉ የጋሼ ነው።»