ረቡዕ ቀን፣ አማቴ ፊት፣ የሰው እርጎ

ዛሬ ላሊበላ ላይ ያደረግኩትን ብነግራችሁ ፎሎው ማድረግ ታቆማላችሁ። ካልነገርኳችሁ ግን እጮኛዬ ጌትነት ይነግራችኋል። ስለዚህ ከእኔው ስሙት።

ጌትነት ከአባቱ ጋር ሊያስተዋውቀኝ ነው ከወገል ጤና ድረስ ያመጣኝ። አባቱ አሸተን ተራራ ሥር የሚኖሩ ቄስ ናቸው። መንገድ ላይ የሰጠኝ ምክር አንድ ብቻ ነበር፦ «ብዙ አታውሪ።»

ረቡዕ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቀን ከአባቱ ጋር የአክስቱ ልጅ የሰናይት ምግብ ቤት ገባን። ሰናይት ዱባይ የፓኪስታኖች ሬስቶራንት ውስጥ ስታበስል ኖራ ተመልሳ፣ አሁን እዚሁ ለቱሪስቱም ለአገሬውም የፓኪስታን ምግብ ትሠራለች። የጾምም አላት፤ በዘይት የተሠራ ምስር፣ ድንች በአበባ ጎመን፣ ሩዝ፣ ትኩስ ቂጣ።

ምግቡ ሲመጣ ቄሱ ያለ ምንም እፍረት «ልጄ፣ ይህ እንዴት ነው የሚበላው?» ብለው ሰናይትን ጠየቋት።

እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ መለስኩ።

«አባ፣ እኔ ላሳይዎት። የፓኪስታን ምግብ በደንብ አውቃለሁ።»

የማውቀው ከቲክቶክ ነው።

ቂጣውን ቆርሼ ምስሩን ዛቅ አደረግኩ። ከላዩ ላይ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ነገር ጋደም ብላለች። ፎሶሊያ መሰለችኝ። ጠቅልዬ ጎረስኳት።

ፎሶሊያ አልነበረችም።

መጀመሪያ ምንም የለም። ፈገግም ብዬ ነበር። ከዚያ ጆሮዬ ጋለ። እንባዬ ወረደ። በሚጥሚጣ ያደግኩ የወሎ ልጅ፣ ምላሴን አውጥቼ በሜኑ ማራገብ ጀመርኩ። ውሃ ጠጣሁ፤ ባሰ።

«ኧረ ቃሪያዋ ለሽታ ናት፤ አትበላም» አለች ሰናይት። አሁን ነው የምትነግረኝ?

ከጎናችን አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነጭ ነገር አለ።

አላሰብኩም። አንስቼ ጨለጥኩት።

እርጎ ነው።

ሴትዮዋ ማንኪያቸውንም ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

ጌትነት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ ነጭ ጢም አብቅዬ «አባ፣ ገደፍኩ» አልኩ።

ቄሱ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ተቆጡ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በቃ፣ ትዳሬ በአንድ ቃሪያ አለቀ። ቀና ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ለካ እየሳቁ ነው።

«አይዞሽ ልጄ፣ ለንስሐ አባትሽ ትነግሪያለሽ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እኔም ዲያቆን ሳለሁ ዓርቡ ሐሙስ መስሎኝ አይብ በልቻለሁ። የሚስቴ አባት ፊት፣ ገና ሳንጋባ።»

«አባዬ፣ ይህን ነግረውኝ አያውቁም» አለ ጌትነት።

«ምን ብዬ ልንገርህ?» አሉና ቂጣ ቆርሰው፣ ምስሩን በጣታቸው ፈትሸው አጎረሱኝ። «ሽማግሌ እንልካለን። ረቡዕና ዓርብ ግን አይሆንም።»

እንባዬ እንደገና መጣ። የዚህኛው ምክንያት ቃሪያው አይደለም።

ለሴትዮዋ ሌላ እርጎ አዘዝኩላቸው። ሳህኑን በአንድ እጃቸው አቅፈው በሉ።

አሁን የምታውቁ ንገሩኝ፦ ጾም መግደፍና የሰው እርጎ መጠጣት አንድ ኃጢአት ነው ወይስ ሁለት? «በደንብ አውቃለሁ» ያልኩትን ከቆጠራችሁት ሦስት ነው።