ልዑሉ የሸናበት ግድግዳ

የደንሎራክ ግንብ ታሪክ በሁለት ታላላቅ ዘመናት ይከፈላል፤ ቅድመ ፊልምና ድኅረ ፊልም። ቅድመ ፊልም ስድስት መቶ ሠላሳ ዓመት የፈጀ ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት ግንቡ ከመሠራቱ፣ ሦስት ጊዜ ከመከበቡ፣ ሁለት ጊዜ ከመቃጠሉና አንድ የጎሳ አለቃ ከነሰባት ልጆቹ ውስጡ በረሃብ ከማለቁ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልተፈጸመበትም። ድኅረ ፊልም ግን የዛሬ አራት ዓመት፣ አንድ የፊልም ቡድን ከነመኪናዎቹና ከነምግብ አብሳዮቹ መጥቶ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲቀርጽ በሰነበተ ጊዜ ተጀመረ። ሥልጣኔ ወደ ስኮትላንድ ተራሮች የገባው ያኔ ነው ብንል ያጋነንነው ጥቂት ብቻ ነው።

ቡድኑ ሲሄድ ከጀሶና ከእንጨት የሠራውን ትልቅ በር ትቶት ሄደ። ለታሪክ ብሎ አይደለም፤ ለማፍረስ ዝናቡ ስላላመቸው ነው። በፊልሙ ውስጥ ልዑሉ ንግሥቲቱን የሚሰናበታት በዚህ በር ሥር ነበር። እናም ሕዝበ ዓለም በአውቶቡስ እየመጣ ከጀሶው ሥር ቆሞ ያለቅሳል። የሚያለቅሰው ሁልጊዜ በዝናብ ውስጥ ስለሆነ ምን ያህሉ እንባ፣ ምን ያህሉ ዝናብ እንደሆነ እስካሁን በጥናት አልተረጋገጠም።

የግንቡ ጠባቂና አስጎብኚ ዱጋልድ ማክፌይል ይባላል። ዕድሜው ስልሳ አራት ነው፤ ሠላሳ አንዱን የጨረሰው እዚያው ግንብ ላይ ነው። ሰውየው በሥራው ጎበዝ፣ በጠባዩ ምስጉን ሲሆን አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ ግንቡን ይወድ ነበር።

በተለይ የሚወደው የሰሜኑን ግድግዳ ነው። ግንቡ በተሠራበት ዘመን እያንዳንዱ ድንጋይ ጠራቢ ሥራው እንዲታወቅለት በጠረበው ድንጋይ ላይ የራሱን ምልክት ይቀርጽ ነበር። አንዱ ቀስት፣ አንዱ መስቀል፣ አንዱ ደግሞ ሦስት ጣት ያለው የዝይ እግር። ዱጋልድ ይህን የዝይ እግሩን ሰውዬ ከጎረቤቱ አብልጦ ያውቀዋል። ግራኝ እንደነበረ፣ ሰኞ ሰኞ እጁ እንደሚከብድ፣ እያረጀ ሲሄድ ምልክቱን እያሳነሰ እንደመጣ፣ ሁሉንም ከድንጋዩ ላይ አንብቦ ጨርሷል። ሚስቱ ነፍሷን ይማረውና «እኔን እንደ ዝይ እግርህ ብታየኝ ምን አለበት?» ትለው ነበር።

ይህ ግድግዳ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተሰነጠቀ። ያኔ ስንጥቁ የቢላ ስለት ያስገባ ነበር፤ ዛሬ የዱጋልድን ክንድ እስከ ክርኑ ይውጣል። መድኃኒቱ ሃያ ከረጢት ኖራና ሁለት ግንበኛ ነው። ዱጋልድ በየዓመቱ ለቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ይጽፋል፤ ጽሕፈት ቤቱም፣ ምስጋና ይግባውና፣ በየዓመቱ ይመልሳል። የአሥራ አንደኛው ዓመት መልስ እንዲህ ይላል፦

«የተጠቀሰው ግድግዳ በፊልሙ ውስጥ ስለመታየት አለመታየቱ እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ ፊልሙን አሥራ ሁለት ጊዜ በጥልቀት የተመለከተ ሲሆን፣ ግድግዳው በየትኛውም ትዕይንት ያልታየ በመሆኑ ቅርስነቱ አጠያያቂ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ባለበት ሁኔታ እንዲቀጥል አቅጣጫ ተቀምጧል። ለጀሶው በር ግን ከዝናብ የሚከላከል ጣራ የተፈቀደ መሆኑን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን።»

«ምን አሉህ?» አለችው ኢሽቤል። ኢሽቤል መግቢያው ላይ ቲኬት የምትቆርጥ፣ ሻይና ትኩስ የቅቤ ዳቦ የምትሸጥ፣ ምላሷ የማይቦዝን ሴት ናት።

«ባለበት ይቀጥል አሉ።»

«እሱማ የት ይሄዳል?»

«መሬት ነዋ የሚሄደው! መጪውን የበረዶ ክረምት አይሻገርም እኮ፣ ኢሽቤል። ውርጭ አንዴ ከገባበት አለቀለት።»

«አንተን ምን አስጨነቀህ? ጡረታህ ደርሷል። ወንዝ ዳር ቁጭ ብለህ ዓሣህን አታጠምድም?»

«ስድስት መቶ ዓመት ስንቱ ሲጠብቀው ኖሮ እኔ ተራ ላይ ይፍረስ? በየት አገር ነው ይሄ?»

በዚያ አገር ክርክር የሚዘጋው በሻይ ነውና ኢሽቤል ሻይ ቀዳችለት።

መስከረም ሲጠባ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ መጣ። ጀሶው ሥር በቂ ለቅሶ ከተለቀሰ በኋላ ዱጋልድ እንደ ልማዱ እንግዶቹን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ እየለመነ ወሰዳቸው። ከፊት የቆሙት የንግሥቲቱን የሚመስል ቀይ ካባ የለበሱ አንዲት ወይዘሮ ነበሩ።

«እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ» አለ ዱጋልድ። «ይህ የዝይ እግር…»

«ልዑሉ እዚህ ቆሟል?» አሉ ባለካባዋ።

«አይ፣ እዚህ የቆመው ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ ድንጋይ ጠራቢ ነው።»

«ፊልሙ ላይ አለ?»

«ማን?»

«ጠራቢው።»

«ሞቷል እኮ፣ እመቤቴ!»

«ውይ በሞትኩት! ክፍል ሁለት ላይ ነው?»

ዱጋልድ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንግዳ ላይ ጮሆ አያውቅም። ያን ቀን ግን ደሙ ፈላ።

«ልዑላችሁ እዚህ ግድግዳ ላይ ያደረገው ነገር ቢኖር አንድ ነው! ሸንቶበታል! ቀረጻው በተጀመረ በአምስተኛው ቀን፣ እዚችው የዝይ እግር ላይ! በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! ‹ነውር አታውቅም እንዴ አንተ ሰውዬ› ብዬም ተቆጥቼዋለሁ!»

ዱጋልድ አንገቱን ደፋ። በቃ፣ ክስ ይመጣል፣ ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ጠበቀ።

«የቱ ጋ?» አሉ ባለካባዋ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«የሸናበት፤ ትክክለኛው ቦታ የቱ ጋ ነው?»

ዱጋልድ ሳያስበው በጣቱ አመለከተ። ወይዘሮዋ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ቀስ ብለው ነኩት። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው አገር አዳረሰ። የደንሎራክ ሰው ሥነ ሥርዓት አዋቂ ነውና ለግድግዳው ሰልፍ ተበጀለት፤ ሰልፉ ጀሶውን አልፎ፣ ሻይ ቤቱን ዞሮ ኮረብታው ሥር ይደርሳል። እየነኩ የሚሄዱ ነበሩ፤ በጥፍራቸው ፍቀው በመሐረብ ቋጥረው የሚሄዱም ነበሩ።

«አንተ፣ ሰዉ እኮ ፍቅሩን ትቶ ወደ ሽንቱ ተገለበጠ!» አለች ኢሽቤል፣ ዳቦ ማድረስ አቅቷት በላብ እንደተጠመቀች።

«አፈርኩ፣ ኢሽቤል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ የምታወቀው በዚህ?»

«ምን ያሳፍርሃል? እውነት አይደል የተናገርከው? ይልቅ ለነዚያ ሰዎችህ አሁን ጻፍላቸው።»

ዱጋልድ ብዕሩን አነሳ። አሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ እንደቀደሙት አራት ገጽ አልነበረም። «በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ልዑሉ ሸንቷል። ግድግዳው ሊፈርስ ነው» ይላል፤ ሌላ የለውም። አሥራ አንድ ዓመት እንደ ኤሊ ያዘገመው ጽሕፈት ቤት በሁለተኛው ቀን የቅርስ ደረጃ ምደባ ኃላፊውን ሚስተር ፋርኳርን ከነሜትሩ ላከ።

«የሸናው ቆሞ ነው?» አሉ ሚስተር ፋርኳር መዝገባቸውን ገልጠው።

«ታዲያ ተንበርክኮ ነው?»

«‹ቆሞ› ተብሎ ይያዝ። ለምን ያህል ጊዜ?»

«ጌታዬ፣ ሰዓት አልያዝኩበትም።»

«ይህ እንግዲህ ከፍተኛ የመረጃ ክፍተት ነው» አሉና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሚስተር ፋርኳር፣ ስንጥቁን ይዩልኝ፣ እባክዎ። ይኸው ክንዴ ይገባል።»

«ስንጥቁ የተፈጠረው ከሽንቱ በፊት ነው በኋላ?»

«ከሽንቱ ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው።»

«እንግዲያው በቅርሱ ምክንያት የደረሰ አይደለም። ጥሩ።»

«ይፈርሳል እያልኩዎት!»

ሚስተር ፋርኳር መዝገቡን ዘጉ፤ እጃቸውንም በዱጋልድ ትከሻ ላይ አሳረፉ። «አይፈርስም። በዚህ ግድግዳ ላይ የማያዳግም እርምጃ ይወሰዳል። ቃሌን ሰጥቼዎታለሁ። እርስዎም የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድዎን ወስደው ይረፉ፤ አገር ባለውለታዎ ናት።»

ዱጋልድ አሥራ አንድ ዓመት የለመነው ነገር በአንድ ሰው ፊኛ ተፈታ። «ኖራው ሊመጣ ነው!» ብሎ ኢሽቤልን አቅፎ ካዞራት በኋላ፣ ደሴት ላይ ወደምትኖረው እኅቱ ዘንድ ለሁለት ወር ሄደ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ቀልሎት አያውቅም።

እሱ ዓሣውን ሲያጠምድ ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ላይ ነበር። ከባለድርሻ አካላት ጋር ሰፊ ውይይት ተደረገ፤ የጋራ መግባባት ላይም ተደረሰ። በውይይቱ እንደተነሣው፣ ሕዝቡ ግድግዳውን በፍቅር እየነካካ ሊጨርሰው ነው። ግድግዳውን ከሕዝቡ ማዳን ያስፈልጋል። ሕዝቡን ማንሣት አይቻልም፤ ቲኬት የሚገዛው እሱ ነው። የቀረው አማራጭ ግድግዳውን ማንሣት ነው። ይህ ሐሳብ በጭብጨባ አለፈ።

ዱጋልድ የተመለሰው ለምረቃው ዕለት ነበር። የስኮትላንዱ ባለከረጢት ዋሽንት ይነፋል፣ ሪባኑ ተዘርግቷል፣ ሚስተር ፋርኳር ንግግር ያደርጋሉ።

«ዛሬ የምንመርቀው ግድግዳ» አሉ፣ «ከቀድሞው ግድግዳ የበለጠ የቀድሞውን ግድግዳ ይመስላል! ስንጥቅ የለውም፤ በሳሙና ይታጠባል፤ ልዑሉ የሸናበትም ቦታ ከሩቅ እንዲታይ በመጠኑ ከፍ ተደርጓል!»

ዱጋልድ ሰዉን ገፍቶ አልፎ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳው። ባዶ ጀሪካን የሚመታ ይመስል ጮኸ። ጀሶ ነው። የዝይ እግሩም ተሠርቶለታል፤ አራት ጣት ነበረው።

«ድንጋዮቹስ?» አለ።

«የትኞቹ ድንጋዮች?» አሉ ሚስተር ፋርኳር።

«የግድግዳዬ ድንጋዮች! የት አደረጋችኋቸው?»

«አሃ፣ ተረፈ ምርቱን ማለትዎ ነው? አይስጉ፣ አልባከነም። እዚያ ታች አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ለተሠራው መጸዳጃ ቤት ውሏል።»

ዱጋልድ ስልሳ አራት ዓመቱን ረስቶ ኮረብታውን በሩጫ ወረደ። አዲሱ መጸዳጃ ቤት ተገትሯል። ወንዶች ክፍል ዘው ብሎ ገባ። ቀስቱ በሩ ጋ አለ። መስቀሉ ከመታጠቢያው በላይ። የዝይ እግሩስ? ከሦስተኛው መሽኛ ፊት ለፊት፣ ልክ በሰው ዓይን ትክክል ተገንብቷል፤ ከነሦስት ጣቱ። ዱጋልድ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ ደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ በመዳፉ ዳሰሰው። ስንጥቅ የለም። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንደኛ ደረጃ ኖራ ሞልቶበታል።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ በሩ ላይ ኖራ የሚለስንበትን ማንኪያ ያጥባል።

«ይሄን ኖራ ማን አዘዘ?» አለው ዱጋልድ።

«ደንቡ ነዋ!» አለ ግንበኛው። «ለቅርስ ያለን ደንብ ሁለት ገጽ ነው። ለመጸዳጃ ቤት ግን መቶ አርባ ገጽ ነው፣ ወንድሜ። ተቆጣጣሪ በየወሩ እየመጣ ግድግዳውን ይፈትሻል። አንድ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከተገኘች በማግስቱ እኔን ይጠሩኛል።»

«በየወሩ?»

«በየወሩ!»

ዱጋልድ አሥራ ሦስተኛውን ደብዳቤ የጻፈው እዚያው ቆሞ ነው። ከግንብ ጠባቂነት ወደ መጸዳጃ ቤት ጠባቂነት እንዲዛወር ለመነ። ኢሽቤል «ለየለት፣ አበደ» አለች። ጽሕፈት ቤቱም በዚሁ ሐሳብ ስለተስማማ ጥያቄው ወዲያው ተፈቀደ።

እነሆ አሁን ዱጋልድ ማክፌይል ሙሉ የደንብ ልብሱን ለብሶ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። አውቶቡሱ ሲቆም እንግዶች እየተጣደፉ ያልፉታል፤ እሱ ባርኔጣውን አንሥቶ «እንኳን ወደ ደንሎራክ ግንብ በደህና መጣችሁ» ይላል። ኮረብታው ላይ ሕዝቡ ለጀሶ ይሰለፋል። እዚህ ታች ደግሞ፣ ልዑሉ ያደረገውን፣ ልዑሉ ባደረገበት ድንጋይ ፊት፣ ማንም ሳያውቅ ሁሉም ያደርገዋል።

በታኅሣሥ አንድ መነጽራም ጎብኚ ከውስጥ ወጣና እጁን እያደራረቀ ዱጋልድ ዘንድ ቀረበ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቆሜ ሳለሁ ፊት ለፊቴ አይቼ ነው። ይቺ የወፍ እግር የምትመስል ምልክት ምንድን ናት?»

ዱጋልድን በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ግንቡ ላይ ሰው የሚያየው ብዙ ነበረው፤ እዚህ ግን አንድ ደቂቃ ሙሉ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ስለ ግራኙ ጠራቢ፣ ስለ ሰኞው፣ እያነሰች ስለሄደችው ምልክት አንድም ሳያስቀር ነገረው። መነጽራሙ ሰውዬ አውቶቡሱ ጡሩንባ እየነፋበት ሁሉንም ሰማ። ሲያበቃ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ይህን የመሰለ ቅርስ መጸዳጃ ቤት ውስጥ? እግዚኦ! ዛሬውኑ ለቅርስ ጽሕፈት ቤቱ እጽፋለሁ!»

ዱጋልድ ግራና ቀኙን አየና የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ አፈፍ አድርጎ ያዘ።

«ስለ እግዚአብሔር ብለው እንዳያደርጉት፣ ወንድሜ! ቅርስ መሆኑን ከሰሙ ያፈርሱታል።»