ያለ ደወል የሚነቃው ጎረቤቴ

ያለ ደወል የሚነቃ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እንዲህ ያለው ሰው መንቃት ብቻውን አይበቃውም፤ መንቃቱን የሚሰማለት ይፈልጋል። ስለ ጤፍ ዋጋ ብትጠይቁት እንኳ “እኔ እኮ በሕይወቴ ቀስቅሱኝ ብዬ አላውቅም” ብሎ ይመልስላችኋል።

የእኛ ሰፈር የዓባ ሻውሉ፣ ክቡር ኣያ ገረዝጊሄር፣ በምጽዋው ባቡር ላይ ፍሬን ይዘው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ቤታችንን ከቤታቸው የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለሆነ ንግግራቸውን በሬን ከፍቼም ዘግቼም እሰማዋለሁ።

“ሰዓት ይቆማል፣ ደም አይቆምም!” ይላሉ። በእሳቸው ሳይንስ ደም ሌሊቱን ሙሉ ሰውነትን ሲዞር ያድርና ንጋት ላይ የዐይን ሽፋን ደርሶ ከውስጥ ገፋ ያደርገዋል። በግራ ጎኑ የተኛ ሰው ግን ያረፍዳል። ለምን ብሎ የጠየቀ ተጸጸተ። “ባቡር የነፋሲትን ዳገት ሲወጣ አላየህም? ደምም እንደዚያው ነው ሓወይ፣ ወንድሜ፤ ያቃስታል፣ ያዘግማል፣ ውሃ ይጠማዋል።”

ልጃቸው ኣዜብ አንድ ጊዜ የደወል ሰዓት ገዝታ አመጣችላቸው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡት። “እንዳያፍር ብዬ ነው” አሉ።

በማለዳ መንገድ ያለበት ሰው ሁሉ ማታ ለእሳቸው ተናግሮ ይተኛል። ሊነጋጋ ሲል በከዘራቸው በሩን ይቆረቁራሉ። ያልጠየቃቸውንም ይቀሰቅሳሉ። ከጎንደር መጥቶ ከኛ ማዶ የተከራየው ወታደሩ ደርበው አንድ ቀን “ኧረ አባቴ፣ ዛሬ እረፍቴ ነው!” ብሎ ጮኸ። ኣያ ገረዝጊሄር ምንም አልደነገጡም። “ታዲያ ተመልሰህ ተኛ። አሁን ግን ሰዓቱን አውቀህ ትተኛለህ።”

“ጣሊያን ሄደ፣ እንግሊዝ ሄደ፣ ፌዴሬሽኑም ሄደ” ይሉ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሩን ያያሉ። “የእኔ ደም ግን አንድ ቀን አላረፈደም።”

ሊረታቸው የሞከረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሸዋ መጥቶ ሳይንስ የሚያስተምረው ብርሃኑ። አንድ እሑድ ደጃችን ተቀምጠን ሻሂ ስንጠጣ፣ ያለ ሰዓትና ያለ ፀሐይ ዋሻ ውስጥ ሁለት ወር ስለከረመ አንድ ፈረንሳዊ ያነበበውን ነገረን።

“ሰውነቱ የመተኛና የመንቂያ ሥርዓቱን አልተወም” አለ ብርሃኑ። “ግን እየዋለ እያደረ እየዘገየ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የሰው አካል ሰዓት አለው ኣያ፤ ውሸት አላወሩም። ነገር ግን በየማለዳው የሚያስተካክለው ከውጭ ይፈልጋል። ዋናው ብርሃን ነው።”

ኣያ ገረዝጊሄር አሰቡበት። “ይሄ የፈረንሳይ ደም ነው። የገብስ ጥሕሎ አልበላም።”

ባለቤቴ ኣምለሰት ከውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማናት። የእሷ ሳቅ አጭር ነበር፤ ሥራዋን አያስቆማትም።

ኣምለሰት ስለ መንቃት አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። በሰፈራችን የውሃ ተራ የሚያዘው በቆርቆሮ ታኒካ ነው፤ ባለቤቱ ባይኖር ታኒካው ባለበት ተራው ይጠበቃል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ የእኛን ታኒካ ከግድግዳው ሚስማር አውርዳ ወስዳ ታሰልፈዋለች። እኔ ስነሣ ውሃው ተቀድቶ እንስራው ሞልቶ አገኘዋለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኣምለሰት ሞተች።

ሐዘንተኛው እስኪበተን ጎረቤቶቼ እኔ ቤት አደሩ። ኣያ ገረዝጊሄርም ወለል ላይ ከእኛ ጋር ነበሩ፤ እንቅልፍ የነበረው ሰው አልነበረም። ሰው ተበትኖ ወደ አልጋቸው በተመለሱ ማግስት ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው የትበርህ ልጅ ኣስገዶም ምጽዋ ወደብ ሊቀጠር በመጀመሪያው አውቶቡስ መሄድ ነበረበት። ትበርህ ባሏ የሞተባት፣ ተስፋዋ ሁሉ በዚህ ልጅ ላይ የሆነ ሴት ናት። ማታ ለኣያ ነግራ ተኛች።

ፀሐይ ወጥታ ሁላችንም ስንነሣ ኣያ ገረዝጊሄር ተኝተው ነበር። ኣስገዶም በኋላ ባገኘው ማኪና ተሳፍሮ ቢወርድም ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ ቆየው።

ትበርህ አልጮኸችም። “ኣያ፣ ተኝተው ነበር?” አለች፤ ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ከዘራው ከበሩ ጀርባ ቆመ። የደወሉ ሰዓት ፊቱን ከግድግዳው ወደ ክፍሉ አዞረ። ኣያ ገረዝጊሄር ደጃቸው ተቀምጠው መንገደኛውን እያዩ ስለ ምንም ነገር አያወሩም። እኔ ሳልፍ ብቻ “ደሜ ቆመ ሓወይ” አሉኝ። ዝምታቸው እንደዚያ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እኔ ውሃ የምቀዳው ከሥራ ስመለስ ነበር። አንድ ማለዳ ግን እንስራው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። እንቅልፉም ስለሌለ ተነሥቼ ታኒካውን ከሚስማሩ ሳወርድ አመለጠኝና ግድግዳውን መታው። ወዲያው ከግድግዳው ወዲያ ሳል ተሰማ። ከዚያ የአልጋ ጩኸት፣ ከዚያ ከዘራ። ከዘራው እስከ በሩ ሄዶ ቆመ፤ የሚቀሰቅሰው ሰው አልነበረውም።

ታኒካውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያን ድምፅ አላውቀውም ነበር። ኣምለሰት ስታወርደው ሁልጊዜ ተኝቼ ነበር።

ኣስገዶም ከወደቡ እንደገና ሲጠራ፣ ትበርህ የደወል ሰዓት ልትዋስ እኔ ዘንድ መጣች።

“ለኣያ ንገሪያቸው” አልኳት።

“ለኣያ? ኣይፋል! ዳግመኛ?”

“ንገሪያቸው። ደማቸው ተመልሷል።”

በማግስቱ ሴቶቹ ወደ ውሃ ቦኖው ሲያልፉ ኮቴያቸውን ሰምቼ ታኒካውን ግድግዳው ላይ መታሁት። ሳል፣ አልጋ፣ ከዘራ። ከዘራው መንገዱን ተሻግሮ የትበርህን በር ሲቆረቁር ሰማሁ። ኣስገዶም ዛሬ የወደብ ሠራተኛ ነው።

“ሰዓት ይቆማል፣ ደም አይቆምም!” እንደገና ተጀመረ። ደርበውም እንደገና በእረፍቱ ቀን ተቀሰቀሰ። እኔ በየማለዳው ታኒካዬን እየመታሁ ምስጢሬን እንደያዝኩ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ ጠሩኝ።

“ሓወይ፣ ዛሬ አረፈድክ።”

“ምኑን ኣያ?”

“ደግሞ በጣም ትመታዋለህ። ኣምለሰት እንደሱ አልነበረችም።” ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። “ቀስ ብላ ነው የምታወርደው፤ አንዴ ብቻ ኳ ይላል። ከዚያ ነጠላዋን እስክታጣፋ ዝም። ከዚያ ለራሷ አንድ ነገር ትላለች፣ ጸሎት ይሁን ሌላ አይለይም። በሩን የምትዘጋው በሁለት እጇ ነው፣ አንተ እንዳትነቃ።”

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“እንደገና ይንገሩኝ” አልኳቸው።