ሬሳ አያስነጥስም

(ቦታው ሥራ ካቆመ የቆየ የጫማ ፋብሪካ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃያ ሦስት ጎልማሶች እዚህ ይሰበሰባሉ፤ ጥርስ ሐኪም አለች፣ ፖስተኛ አለ፣ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለች። ግማሾቹ ጭራቅ፣ ግማሾቹ መንገድ የጠፋበት መንገደኛ ሆነው ሲያስደነግጡና ሲደነግጡ ይውላሉ። ዛሬ የዓመቱ ሽልማት ቀን ነው። ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው የቡድኑ ሕግ አርቃቂ በጎን ክፍል ውስጥ ከረባቱን አስሮ ይንጎራደዳል። ሰውየው የመዝገብ ቤት ሹም ነው፤ አርባ አንቀጽ ያለው የጨዋታ ደንብ ብቻውን ስለጻፈ ስሙ ተረስቶ «አንቀጽ» ሆኖ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ መዳፍ የሚያህሉ የሬሳ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ሽልማቶቹ ናቸው። የሠራቸው አናጢ የመጨረሻውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። በየጨዋታው ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተው እሱ በመሆኑ «ሟቹ» ይሉታል፤ ሚስቱም ጭምር።)

አንቀጽ፦ ሬሳ አያስነጥስም አልኩህ። አለቀ።

ሟቹ፦ አቧራ ከገባበትስ?

አንቀጽ፦ አቧራ ቢገባበትም፣ ጉንፋን ቢይዘውም።

ሟቹ፦ እኔ ኮ ይዤው ይዤው ነው ያመለጠኝ።

አንቀጽ፦ የሞተ ሰው የሚይዘውም፣ የሚያመልጠውም ነገር የለም። ባለፈው ቅዳሜ ሞተህ አሥር ደቂቃ ሳይሞላህ፣ እኔ ከጥግ ብቅ ልል ስል፣ ጣራ የሚነቅል ማስነጠስ አስነጠስክ። ጨዋታውን ገደልከው።

ሟቹ፦ የሞተ ሰው ይገድላል እንዴ?

አንቀጽ፦ ይኸው፣ ደንብ የሚጻፈው እንዳንተ ላለው ነው። አንቀጽ አሥራ ሁለት ምን ይላል?

ሟቹ፦ (እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ) «እጁን ራሱ ላይ ያደረገ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ነው። እንደሌለ ይቆጠራል። አይታይም፣ አይሰማም፣ ማንም አያናግረውም።»

አንቀጽ፦ ጎበዝ። ስለዚህ ማስነጠስ ሲመጣብህ እጅህን ራስህ ላይ ታደርጋለህ፤ እንደልብህ ታስነጥሳለህ፤ ማንም አልሰማህም። ከዚያ እጅህን አውርደህ ሞትህን ትቀጥላለህ።

ሟቹ፦ እጄ ታስሮ ነበር ኮ። ሟች ይታሰር ብለህ የጻፍከውም አንተ ነህ።

አንቀጽ፦ ወሬ አታብዛ።

ሟቹ፦ ፖስተኛው ግን ደንግጦ ሮጦ ቤቱ ገባ አሉ። ቦርሳውን እንኳ አልያዘም።

አንቀጽ፦ እና አንተን ሰምቶ የሮጠ መሰለህ? ከኋላህ ማን ቆሞ ነበር?

ሟቹ፦ አንተ።

አንቀጽ፦ ቀንዴን ጭኜ፣ አንድ ክንዴን እንዲህ ዘርግቼ። የሰው ልጅ ከማስነጠስ ይሸሻል ወይስ ከጭራቆች አለቃ?

ሟቹ፦ (ሣጥኑን እያለሰለሰ) የሚተላለፍ ከሆነ ከማስነጠስም ይሸሻል።

(አንቀጽ ይህን እንዳልሰማ ያልፈዋል። ልቡ ያለው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ በጨርቅ የተሸፈነው ትልቁ ሣጥን ጋ ነው። «የዓመቱ አስደንጋጭ» የሚባለው ሽልማት እሱ ነው፤ ስድስት ዓመት ጠብቆታል። ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ከሽልማትም ያልፋል። «አንተን እንኳን ሰው ዝንብም አይፈራህም» የሚሉትን አማቱን ጠርቷቸዋል፤ ፊተኛው ወንበር ላይ ስማቸውን ለጥፎላቸዋል።)

አንቀጽ፦ በል፣ ዝርዝሩን እንይ። «የዓመቱ ጩኸት»?

ሟቹ፦ ጥርስ ሐኪሟ።

አንቀጽ፦ ይገባታል። ከበሽተኞቿ ነው የተማረችው። «የዓመቱ አሟሟት»?

ሟቹ፦ ዳቦ ጋጋሪው። ሞቶ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ንብረቱን ተናዘዘ፣ የተጣሉትን አስታረቀ፣ ስለ እርሾ አያያዝ ምክር ሰጠ፣ መሃል ላይ ተነስቶ ውኃ ጠጥቶ ተመልሶ ሞተ።

አንቀጽ፦ ገዳዩስ ምን ሆነ?

ሟቹ፦ ቆሞ ሲጠብቅ እግሩ ዝሎ አብሮት ተኛ።

አንቀጽ፦ «የዓመቱ ሯጭ» ፖስተኛው፤ አያከራክርም። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጨርቁ እያየ) ትልቁስ?

ሟቹ፦ እሱ አልቋል። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ቁልፉን ቆጥራ፣ ጣሳውን መልሳ አሽጋ፣ የአሸናፊውን ስም በወረቀት ሰጠችኝ። ቀረጽኩት፤ ሸፈንኩት።

(የቡድኑ ልማድ ነው፤ ጨዋታ ሲያልቅ ሁሉም አንድ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ይዞ፣ ያስደነገጠው ሰው ስም በተጻፈበት ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ሃያ ሦስቱ ጣሳዎች መስኮቱ ሥር በፕላስተር ታሽገው ተደርድረዋል።)

አንቀጽ፦ ስለዚህ አንተ ታውቃለህ።

ሟቹ፦ አውቃለሁ። ልንገርህ?

አንቀጽ፦ (ጆሮውን ደፍኖ) አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ። ውጤት የሚያውቅ ሰው ከመድረኩ በፊት ትንፍሽ ቢል ለአንድ ዓመት ከመሞት ይታገዳል።

ሟቹ፦ እሱስ ይቅርብኝ። ሳምንቱን ሙሉ የማርፈው ስሞት ብቻ ነው።

አንቀጽ፦ አትንገረኝ። መጠየቅ ግን አልተከለከለም። አሸናፊው እንዲያው፣ ቅርብ ሰው ነው?

ሟቹ፦ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

(አንቀጽ ከረባቱን ያጠብቃል።)

አንቀጽ፦ ይጠብቀው ነበር?

ሟቹ፦ ኧረ በሕልሙም።

አንቀጽ፦ (ትሑት ለመምሰል እየታገለ) በሕልሙ እንኳ አልፎ አልፎ... ይሁን። ሰዉስ ስለሱ ምን ይላል?

ሟቹ፦ «ምንም ሳያደርግ ነው የሚያስፈራው» ይላሉ።

አንቀጽ፦ ግርማ ሞገስ ይባላል። ተምረህ አታመጣውም፤ ይዘኸው ትወለዳለህ።

ሟቹ፦ እኔስ ግራ ገብቶኛል።

አንቀጽ፦ አንተማ ምን የማይገባህ ግራ አለ። ስማ፣ ንግግሬን ላንብብልህ። (ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል) «የተከበራችሁ ድንጉጦች፤ ይህን ሽልማት የምቀበለው ለራሴ አይደለም...»

ሟቹ፦ ለማን ልትሰጠው ነው?

አንቀጽ፦ ለማንም አልሰጥም። እንዲህ ይባላል።

ሟቹ፦ ካልሰጠኸው ለራስህ ነው ኮ።

አንቀጽ፦ (ወረቀቱን አጥፎ) ላንተ ማንበብ ውኃ መውቀጥ ነው። እስቲ ጣሳዬን አቀብለኝ። መክፈት ነው እንጂ መነቅነቅ አልተከለከለም። (ጆሮው ሥር አድርጎ ይነቀንቃል። ጭጭ ነው።)

ሟቹ፦ አይንኳኳም።

አንቀጽ፦ ለምን እንደማይንኳኳ ታውቃለህ?

ሟቹ፦ (ተጨንቆ) አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ።

አንቀጽ፦ እኔው ልንገርህ። ግማሽ የሆነ ጣሳ ይንኳኳል። ጢም ያለ ጣሳ ግን ቁልፉ መፈናፈኛ ስለሚያጣ ዝም ይላል። ሳይንስ ነው። እስቲ ያንተን ነቅንቀው።

(ሟቹ ጣሳውን በሁለት እጁ አንስቶ ይነቀንቃል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ የወረደ ዶፍ ይመስላል።)

አንቀጽ፦ አየህ? ባዶ በርሜል ነው የሚጮኸው ሲባል አልሰማህም?

ሟቹ፦ ሰምቻለሁ። ያንተ ግን ቀላል ነው፤ በትንሿ ጣቴ ነው ያነሳሁት።

አንቀጽ፦ የፕላስቲክ ቁልፍ ነዋ።

ሟቹ፦ የኔስ ምን ሆኖ ከበደ?

አንቀጽ፦ ምስማር ረስተህበት ይሆናል። አናጢ አይደለህ? አሁን ተው፣ ፊት ለፊቴ ቁምና ስለ መድረክ አቀራረቤ ንገረኝ።

(አንቀጽ፣ ሟቹ የሠራለትን ባለ ሁለት ቀንድ የእንጨት ዘውድ ያነሳና ይጭናል። ዘውዱ ተንሸራቶ አፍንጫው ላይ ያርፋል። ዓመቱን ሙሉ እንደለመደው ቀኝ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ዘውዱን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ግራውን ይዘረጋል።)

አንቀጽ፦ እህ፣ እንዴት ነኝ?

(ሟቹ ዘወር ብሎ ሣጥኑን ማለስለስ ይጀምራል።)

አንቀጽ፦ ዓይንህ አልችል አለኝ፣ አይደል? ሁሉም እንዲህ ነው። ብቅ ስል ጸጥ ይላሉ፤ ፊታቸውን ያዞራሉ። ልብስ ሰፊዋማ አንድ ቀን አፍንጫዋ ሥር ቆሜ ሳጓራ መርፌዋ ውስጥ ክር ታስገባ ነበር። ፍርሃት ሲጠና እጅ ሥራ ይፈልጋል።

(ሟቹ ማፏጨት ይጀምራል።)

አንቀጽ፦ አንተ። ሟቹ። እያናገርኩህ ኮ ነው።

(ሟቹ ውኃ ሊጠጣ በእሱ በኩል ሲያልፍ በትከሻው ገፋ ያደርገዋል፤ ይቅርታም የለ። አንቀጽ ተናዶ ዘውዱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። እጁ ይወርዳል።)

ሟቹ፦ መጣህ? የት ሄደህ ነው?

አንቀጽ፦ የት እሄዳለሁ? እዚሁ ቆሜ ስለፈልፍ።

ሟቹ፦ እጅህ ራስህ ላይ ነበር ኮ።

አንቀጽ፦ ዘውዱን ልይዘው ነዋ።

ሟቹ፦ «ዘውድ ለመያዝ ካልሆነ በስተቀር» የሚል የለበትም። አርባውንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

(አንቀጽ ዘውዱን አንስቶ ያገላብጣል። ያለፉት ቅዳሜዎች አንድ በአንድ፣ ቀንዳቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ በፊቱ ማለፍ ይጀምራሉ።)

አንቀጽ፦ ቆይ። ጨዋታው ላይ ሁልጊዜ እጄ...

ሟቹ፦ ራስህ ላይ ነው። ዘንድሮ ዘውዱን ከጫንክበት ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ።

አንቀጽ፦ ስለዚህ ሰዉ ዝም የሚለው...

ሟቹ፦ የለህማ። ዳቦ ጋጋሪው አንዴ «ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ አይጫወትም?» ብሎ አዘነ። ልብስ ሰፊዋ ናት «ተዉት፣ ሐሳብ ይዞት ይሆናል» ያለችው።

አንቀጽ፦ ዓመት ሙሉ ሲሆን ምነው ዝም አልከኝ?

ሟቹ፦ እጁን ራሱ ላይ ያደረገን ሰው ማናገር ክልክል ነው።

አንቀጽ፦ ወደ ቤት ስንሄድስ?

ሟቹ፦ አንቀጽ ሠላሳ። «የጨዋታ ነገር ከፋብሪካው በር ውጪ አይነሳም።» እዚህ ውስጥ ደግሞ ዘውዱን አታወልቅም። ባዶ ራስህን ያገኘሁህ ዛሬ ገና ነው።

አንቀጽ፦ ጥፋቱ ያንተ ነው። ዘውዱን ያሰፋኸው ማነው?

ሟቹ፦ ሜትር ይዤ ልለካህ መጥቼ ነበር። «የራሴን ጭንቅላት ለኔ ተወው፤ ስድሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር፤ ጻፍ» አልከኝ። ጻፍኩ።

አንቀጽ፦ ታዲያ ስንት ነው?

ሟቹ፦ (ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ በአንቀጽ ግንባር ዙሪያ ይጠመጥመዋል) ሃምሳ አምስት። አይዞህ፣ የሰው ልክ ነው።

(አንቀጽ የራሱን ደንብ ጥሶ የጣሳውን ፕላስተር ይገነጥላል። ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ታች አንዲት የታጠፈች ወረቀት ተኝታለች፤ «ወንድማችን፣ ናፍቀኸናል። መቼ ነው የምትጫወተው?» ትላለች፤ ብዙ ሰው ፈርሞባታል። የትልቁን ሣጥን ጨርቅ ሲገፍ «ሟቹ» የሚል ቅርጽ ያነባል።)

ሟቹ፦ እኔ ትንፍሽ አላልኩም። አንተ ነህ ያየኸው።

አንቀጽ፦ አንተ? ተጋድመህ?

ሟቹ፦ እኔም አልገባኝም። በተለይ ያ ማስነጠስ ሁሉንም ነው ያርበደበደው አሉኝ። ሬሳ ያስነጥሳል ብሎ ማን ይጠብቃል?

አንቀጽ፦ አሁን እማማን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? ወይኔ።

(ጥግ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ይጭናል። ሟቹ «አይዞህ» ሊል የከፈተውን አፉን ይዘጋና፣ ሣጥኖቹ ላይ የተረፈውን ብናኝ እፍ ማለት ይጀምራል። በሩ ይከፈታል። ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያቀፉ ሴትዮ ይገባሉ። አማት ናቸው፤ ቀደም ብለው ደርሰዋል።)

አማት፦ እንዴት ዋልክ ልጄ። የልጄ ባል እዚህ ነው ብለውኝ።

ሟቹ፦ እንዴት ዋሉ እማማ፣ ይግቡ። እሱ እንኳ የለም።

አማት፦ (ጥጉን እያዩ) ይሄ የተቀመጠው እሱ አይደል እንዴ?

ሟቹ፦ የቱ?

አማት፦ ይሄ ራሱን የያዘው።

ሟቹ፦ (በለሰለሰ ድምፅ) እማማ፣ እዚህ ያለነው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።

አማት፦ ይኸው ያቃስታል።

ሟቹ፦ እኔ የምሰማው ነገር የለም።

(አማት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ።)

አማት፦ አንተስ ማነህ ልጄ?

ሟቹ፦ ሟቹ ነኝ።

(አማት ጠረጴዛውን ያያሉ። የተደረደሩትን የሬሳ ሣጥኖች ያያሉ። በትልቁ ላይ የተቀረጸውን ስም ያነባሉ። ቀና ብለው አናጢውን፣ ከጸጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ብናኝ የለበሰውን፣ ያያሉ። በዚህ ጊዜ ብናኙ አፍንጫው ውስጥ ይገባና ሟቹ ጣራ የሚነቅል ማስነጠስ ያስነጥሳል። አማት ጥርስ ሐኪሟን የሚያስንቅ ጩኸት አሰምተው ሲወጡ የካፖርታቸው ቁልፍ የበሩ እጀታ ላይ ተይዛ ትበጠሳለች። መሬት ላይ ተንከባላ ከአንቀጽ እግር ሥር ትቆማለች። አንቀጽ እጁን አውርዶ ያነሳታል።)

ሟቹ፦ መጣህ? አማትህ ፈልገውህ ነበር። አሁን ነው የወጡት።

አንቀጽ፦ (ቁልፏን እያገላበጠ፣ ፊቱ ቀስ በቀስ እየበራ) ደንግጠዋል። እኚያ ሴትዮ ደንግጠዋል። ይህቺ ቁልፍ ጣሳ ውስጥ መግባት አለባት። የማናት? ሲጮኹ ከኋላህ ማን ነበር?

ሟቹ፦ አንተ ሳትሆን አትቀርም።

አንቀጽ፦ በቃ፣ ተፈረደ።

ሟቹ፦ እጅህስ የት ነበር?

(ከአዳራሹ የአማት ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሟች እንዳነጋገራቸው ለሰዉ ይምላሉ። አንቀጽ ሁለቱን ጣሳዎች፣ ዝም ያለውንና የሚንኳኳውን፣ ያያል። ሕግ አርቃቂ ነውና ቁልፏን በሟቹ ጣሳ ክዳን ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ሜትሩን ከአናጢው እጅ ወስዶ፣ ሌላ ዘውድ ሊያሠራ፣ የራሱን ግንባር እንደገና ይለካል። ያው ሃምሳ አምስት ነው።)