የእትዬ ስንዱን ወተት ማን አፈላው?

እኔ «ጥሬ ወተት» የሚሉት ነገር እስከ ዛሬ አይገባኝም። ጥሬ ማለት ሽንብራ ነው። ጥሬ ማለት ሥጋ ነው። ወተት ግን ከላም ሆድ ትኩስ ሆኖ፣ አረፋውን ነስንሶ ነው የሚወጣ። ታዲያ የበሰለውን መልሶ ማብሰል ምን የሚሉት ሥራ ነው? እንጀራ ሁለት ጊዜ ይጋገራል እንዴ? ቆይ፣ ቸኩለህ አትፍረድብኝ። በዚህ ነገር ሰፈር ሙሉ ተሟግተን መስቀል ፊት ቆመናል። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ አገር በጃንሆይ እጅ ረጋ ያለበት ነው። እኔ ጎንደር የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቤቴ ቀሐ ወንዝ አጠገብ። አጥር ለአጥር የምንኖር ሰዎች ወተት የምንገዛው ከአንዲት ሴት ነበር፤ ከእትዬ ስንዱ። ባሏ ሞቶባታል። የቀረቻት ሻሽ የምትባል ግንባረ ነጭ ላም ናት። ጨውም በርበሬም፣ የልጅ ልጇ ቀሚስም የሚወጣው ከሻሽ ጡት ነው። ላሟ ደግሞ ሸጋ ናት፤ አንዴ ካጋተች ሁላችንንም ታዳርሳለች።

እትዬ ስንዱ ግን ወተቷን ለማንም አትሸጥም። መጀመሪያ ታስምልሃለች። «እሳት አይየው» ትላለች። ወተት እሳት ላይ ከወጣ የላሟ ጡት ይነድዳል፣ ይቆስላል፣ ይደርቃል፤ እናቷም አያቷም የነገሯት ይህንኑ ነው። አምን ነበር ወይ? እንጃ። ለአፌ የሚጥም እምነት ስለሆነ ግን አልተከራከርኩም። ማልኩ። ጎረቤቱም ሁሉ ማለ።

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር አቶ ንጉሤ መጣ። የጤና ሠራተኛ ነው፤ ከሸዋ የመጣ፣ ቦርሳ ከእጁ የማይለይ ወጣት። ከኛ አጥር ማዶ ቤት ተከራየ። በየደጁ እየዞረ ወተት አፍሉ ይላል። በወተት ውስጥ ዓይን የማያየው ተባይ አለ፣ ሳል ያመጣል፣ ሕፃን ያስቀምጣል ይላል። ዓይን ካላየው አንተ በምን አየኸው አልኩት። በመሣሪያ አለኝ። እንግዲህ መሣሪያውን ሂዶ ያፍላው!

ከበላይ መጣ የተባለውን ትእዛዝም እሱ ነው ያነበበልን፤ ያልፈላ ወተት አይጠጣ የሚል። ያነበበው ደግሞ መቼ መሰለህ? በሁዳዴ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሕዝብ ታይቶ አይታወቅም! ጾሙን ሙሉ አንድ ጉንጭ ጥሬ ወተት የቀመሰ አልተገኘም። ፋሲካ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። በዚያ ላይ ያልፈላ ወተት መሸጥ ሊከለከል ነው የሚል ወሬ መጣ። ምስኪኗ እትዬ ስንዱ መግቢያ ጠፋት። ባፈላው ሻሽ ትደርቅብኛለች፣ ባላፈላው ይቀጡኛል እያለች ለአገኘችው ሁሉ ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችው፤ ስለዚህ ጠበቃዋ ሆንኩ።

ክርክሩ ፒያሳ ቡና ቤት ነበር፤ እኔና አቶ ንጉሤ ማኪያቶ ይዘን። ማኪያቶው ውስጥ ያለው ወተት የፈላ አይደለም ወይ ትለኝ ይሆናል። ማኪያቶ ሌላ ነገር ነው። ቡና ነው። አታቋርጠኝ።

ኮሶዬ ገጠር ይኖር የነበረ ሟች አጎቴን ምስክር ጠራሁበት። ዕድሜ ልኩን እንደታለበ እየጠጣ ጥርሱ ሳይወልቅ አረጀ፣ የሞተውም ከበቅሎ ወድቆ ነው አልኩት። አቶ ንጉሤ ሰማኝና፣ «ጋሼ ቢተው፣ ወንድሞቻቸውስ?» አለኝ። ጋሼ ይለኛል፤ እኛ አገር እንኳ አያ ነው። ወንድሞቹማ በሕፃንነታቸው ነው ያለቁ። አንዱ በሳል፣ አንዱ በተቅማጥ። እያንዳንዳቸውን አያቴ ስማቸውን እየጠራች ስታለቅስ ሰምቻለሁ። ይህንን ሳልነግረው የሁለታችንን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ግን ተረታሁ ማለት አልወድም፤ የእግዜር ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ቤቴ ስገባ ወተቴ በቅል ይጠብቀኛል። ቅሉ በወይራ የታጠነ ነው። ሽታው ብቻውን ያጠግባል! አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ቅሌን ብድግ አድርጌ ለአቶ ንጉሤ አሳየሁት። ጤና ማለት ይህ ነው፣ እሳት ያየ ወተትማ ቁርበት ቁርበት ይላል አልኩት። ባለቤቴ ይታይሽ በኋላዬ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። በኔ ክርክር የኮራች መስሎኝ ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ይታይሽ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች አዲስ ድስት ገዝታ ነበር። ምነው፣ ድስት ሞልቶ የለም ወይ አልኳት። ለሽሮ ነው አለችኝ። ሽሮ ግን በአሮጌው ነበር የሚሠራ። ወንድ ልጅ የጓዳ ነገር አይመረምርም ብዬ ሽሮዬን በላሁ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባል እንዲህ ላለው ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አንድ ነገር ሰማን። አቶ ንጉሤ ከእትዬ ስንዱ ወተት መግዛት ጀመረ! እስከዚያ ድረስ የቆርቆሮ ወተት ነበር የሚጠጣ። ምነው ለሱ ሸጥሽ ስንላት፣ ምሎልኛል አለች። ወር ሳይሞላው የሻሽ ጡት አበጠ። ደም የቀላቀለ ወተት መጣ። ላሚቱ ጥጃዋን እንኳ አታስጠጋም፣ ትራገጣለች። እትዬ ስንዱ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በየደጃችን ቆመች። «ወተቴን ያፈላ ሰው ከመሀላችሁ አለ። አውጡልኝ» አለች። አውጫጭኝ ይጠራልኝ አለች።

አውጫጭኝ ታውቃለህ አይደል? ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ እየማለ ሌባውን የሚያወጣበት ነው። በፈላ ወተት አውጫጭኝ ሲጠራ ግን በጸሐፊነት ዘመኔ አላየሁም። ቢሆንም ማን እምቢ ይላል? የሴትዮዋ ኑሮ ነው የተያዘው። ቀሐ ዳር ከዋርካው ሥር ተሰበሰብን። የሰፈሩ የንስሐ አባት መምሬ ተገኘ መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ያፈላ ይናዘዝ፣ ያላፈላ ይማል ተባለ።

ዓይን ሁሉ አቶ ንጉሤ ላይ አረፈ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? ብድግ አልኩና እንደ ዐቃቤ ሕግ ጀመርኩ። በየደጃችን አፍሉ እያለ የሚዞር ማነው? ላሚቱስ የታመመች ማን ወተቷን መግዛት ከጀመረ ወዲህ ነው? ለእትዬ ስንዱ ምሎ የከዳ ይህ ሰው ነው፣ ላሚቱን ይካስ አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ።

አቶ ንጉሤ ተነሣ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። አየህ፣ የገባበት ማጥ ነው። አፍልቻለሁ ቢል የምስኪን ሴት ላም ገዳይ ነው። አላፈላሁም ቢል ያ ሁሉ ስብከት፣ ያ ሁሉ ትእዛዝ ምን ሊሆን ነው? መስቀሉን አየ፤ እትዬ ስንዱን አየ። ከዚያ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ መስቀሉን ሳመ።

«አባቴ፣ አላፈላሁም» አለ። «እንደታለበ ነው የምጠጣው። የናቴን ቤት ይሸተኛል።»

ሳቁ እስከ ፋሲል መዋኛ ተሰማ! እኔማ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁ። የሚሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እኔ በተራዬ ደረቴን ነፍቼ ወደ መስቀሉ ሄድኩ። በቤቴ የወተት ጠብታ እሳት አላየም ልል አፌን ስከፍት፣ ከሴቶቹ መሀል ጩኸት ተሰማ።

«እንዳይምሉ!»

ይታይሽ ናት። እየሮጠች መጥታ ኩታዬን ያዘች። በሐሰት ምለው ልጃችንን እንዳያስቀጥፉብኝ ብላ አለቀሰች። ለካስ ከፋሲካ ጀምሮ ስታፈላ ኖራለች! ትንሿ ልጃችን ተቅማጥ ይዟት መንምና ስትሄድ አቶ ንጉሤ የነገራትን ሞከረችው፤ ልጅቱም ዳነች። ከዚያ ወዲያ የቤቱን ወተት በሙሉ በወለቃው ድስት አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በወይራ የታጠነው ቅል ውስጥ መልሳ ታቀርብልኛለች። ያ ስመሰክርለት የነበረው፣ በአጥር ላይ ብድግ ያደረግሁት ወተት የፈላ ነው! በዚያች ሰዓት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ልጅቱ ትዝ አለችኝ፤ በዚያው ሰሞን ጉንጯ የሞላው በጸሎቴ መስሎኝ ነበር። ልቆጣ ፈልጌ ቁጣው ከየት ይምጣ?

ይታይሽ ስትናዘዝ አንዷ ጎረቤት ተነሣች። እኔም አፍልቻለሁ። ሌላዋ ተነሣች። ወለቃ ሸክላ ሠሪዎቹ ለምን እንደቀናቸው ያን ቀን ገባኝ፤ በየቤቱ አንድ አንድ የወተት ድስት ተደብቋል። በመጨረሻ የመምሬ ተገኘ ባለቤት ብድግ አሉ። መምሬ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሰብሰብ አድርገው፣ እንግዲህ እሳት ቢያየውስ ከወተትነቱ ምን ተለየ አሉ።

እትዬ ስንዱ ወደ መሀል ገባች። እኛ እርግማኗን እየጠበቅን ነው። እሷ ግን ጣቷን እየቀሰረች ትጠይቅ ጀመር። አንቺ ከመቼ? ከፋሲካ። አንቺስ? ከፋሲካ። ሻሽ ከፋሲካ እስከ መስከረም ታማ ታውቃለች? አታውቅም። ወደ አቶ ንጉሤ ዞረች። አንተስ ከመቼ ወዲህ ነው ጥሬውን የምትጠጣ? ካለፈው ወር።

እጇን አጨበጨበች። «አያችሁ! እናንተ ስታፈሉ ላሜ ጤነኛ ነበረች። ይኼ መጥቶ ጥሬውን ሲጠጣ ጡቷ ቆሰለ። የላም ጡት የሚያቆስለው ወተቱን ጥሬ መጠጣት ነው! በሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወተቴን አፍልቶ እንደሚጠጣ የማይምል ሰው ደጄ አይድረስ!»

መምሬ መስቀላቸውን መልሰው ዘረጉ። እኔ ሕግ አዋቂው ለመቃወም አስቤ ነበር፤ ግን የት ላይ ልጀምር? ተሰልፈን ማልን። አቶ ንጉሤም ማለ። በኀፍረት ይሁን በርኅራኄ እንጃ፣ ጧትና ማታ እየሄደ የሻሽን ጡት ለብ ባለ ውሃ እያጠበ የተበላሸውን ወተት አልቦ ጨረሰላት። ላሚቱ ዳነች። እትዬ ስንዱም ነገሯ ልክ መሆኑን በዚህ አወቀች። የሱ አለቆች ደግሞ ያ ሰፈር አንድ ሳይቀር አፈላ ብለው አመሰገኑት። በስብከቱ ያላገኘውን በኃጢአቱ አገኘው።

እኔስ? ወተቱ ያው ነው፣ ድስቱ ያው፣ ቅሉም ያው። ግን መፍላቱን ካወቅሁ ወዲህ ቁርበት ቁርበት ይለኛል።

ከዓመታት በኋላ እኔና አቶ ንጉሤ በአንድ ማኪና ወደ ደባርቅ ስንሄድ ኮሶዬ ላይ ለምሳ ወረድን። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ከምግብ ቤቱ ጓሮ ላም ትታለባለች፤ ወተቱ ማለቢያው ጮጮ ውስጥ ሲንፎለፎል ይሰማናል። እሱ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። እዚህ ማን ያውቀናል? «አያ ቢተው» አለኝ ቀስ ብሎ፤ አያ ማለቱን ለምዷል፤ «እንደታለበ ይሰጡን ይሆን?»

ባለቤቲቱን ጠርቼ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ በድንጋጤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምነው ጌቶቼ! ላሜን ልትገድሉብኝ ነው? ወተት ጥሬውን ከተጠጣ የላም ጡት እንደሚቆስል አታውቁም?»

አፍልታ አመጣችልን። እፍ እፍ እያልን ጠጣን።